ምንጣፉን የማውቀው እኔ ነኝ

ሥራዬ አልጋ ማንጠፍ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል ሃውስኪፒንግ ከገባሁ 11 ዓመት አለፈኝ። በቀን 14 ክፍል አጸዳለሁ። ሠርግ ያለበት ቅዳሜ ከሆነ 16 ይደርሳል። እናቴ ከደሴ ስትደውል «ዛሬም አልጋ ነው?» ትለኛለች። «ዛሬም አልጋ ነው፣ እማዬ» እላታለሁ። ለእሷ አልጋ ማንጠፍ ሥራ አይመስላትም። በአንድ ቀን 28 አንሶላ ወጥራ አታውቅማ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የስልክ አፕ ነው። ትራፊክካም ይባላል። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ቀይ መብራት ስንጥስ ፎቶ የሚያነሳን ካሜራ መስሎኝ «እሱንማ በደንብ አውቀዋለሁ፣ መቶ ዶላር አስከፍሎኛል» ብዬ አስቄአቸው ነበር። እሱ አይደለም። ስሙ የመጣው ሰው ከማዘዋወር ወንጀል ነው። ሆቴል ያረፈ ሰው የክፍሉን ፎቶ አንስቶ ይልካል፣ ፎቶውም ከሌሎች ጋር ይከማቻል። አንድ ቀን የጠፋች ልጅ ምስል መርማሪ እጅ ይገባል። ልጅቷ ሆቴል ክፍል ውስጥ ናት። የትኛው ከተማ፣ የትኛው ሆቴል፣ አይታወቅም። ያኔ ከኋላዋ ያለው ግድግዳና መጋረጃ ከተከማቹት ፎቶዎች ጋር ይመሳከራል።

እኔ ጋ የደረሰው በቡና ነው።

አሌክሳንድሪያ፣ ሳዘርን ታወርስ የምትኖር የጎንደር ልጅ ጓደኛ አለችኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሷ ጋ ነን። አንድ እሑድ ስለ ጠፋች አንዲት ትንሽ ልጅ ቪዲዮ ተከፈተ። የትኛዋ ልጅ እንደሆነች አልጽፍም፣ ቤተሰቦቿ ላይ በቂ ተጽፏል። ስድስት ሴቶች ነን። አቦሉ ሳይወርድ እንጀራ አባቷ ተከሰሰ። ቶናው ላይ ተፈረደበት። በረካው ላይ እናቲቱም ተጨመረች።

ማስረጃው ምን መሰላችሁ? እናቲቱ ቴሌቪዥን ላይ ስትጠየቅ አላለቀሰችም። በቃ ይኸው ነው። እኔ አባቴ የሞተ ቀን አላለቀስኩም። ከአርባው በኋላ ሱቅ ገብቼ እሱ የሚወደውን የጥርስ ሳሙና ሳይ ነው መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብዬ የተንሰቀሰቅሁት። የዚያን ዕለት ካሜራ ቢኖር ኖሮ የጥርስ ሳሙና ሌባ ነች ይሉኝ ነበር።

አያቴ ስለ ሌባሻይ ታወራልን ነበር። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፣ ጭስ አስምገው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል። ልጁ ራሱን ስቶ በየደጁ ይሮጣል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፣ ይከፍላል። አያቴ የምታውቀው ሰው በሬውን ሸጦ ከፍሏል። በኋላ ዕቃው ወንዝ ዳር ተገኘ። በሬው ግን አልተመለሰም። ቡናው ላይ ይህን ብነግራቸው ሳቁ። የኛ ሌባሻይ ስልክ ይዞ ነው የሚሮጠው። የጠጣውን ግን እንጃ።

የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ማደሊን ማካን የተባለች ትንሽ ልጅ ፖርቱጋል ውስጥ ፕራያ ዳ ሉዝ ከሚባል የባሕር ዳርቻ መንደር ስትጠፋ፣ እዚያው የሚኖር አንድ እንግሊዛዊ «እጁ አለበት» እየተባለ ስሙ በየጋዜጣው ተቃጠለ። በ2008 ጋዜጦቹ 600 ሺህ ፓውንድ ካሳ ከፍለው ይቅርታ ጠየቁት። እሱስ ጠበቃ ነበረው። ሕንድ ውስጥ በ2018 «ልጅ ሰራቂዎች መጡ» የሚል የዋትስአፕ ወሬ መንገደኞችን በድንጋይና በዱላ አስገድሏል። የኛም ቤት አልዳነም። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጎጃም ውስጥ ለጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ ነው» በተባለ ወሬ በሕዝብ ተገድለዋል።

«እሺ አንቺ ታዲያ ምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ ባለ ቡናዋ፣ ሲኒ እያጠበች። ተናድዳለች።

«እኔ ምንጣፍ ነው የማውቀው» አልኳት።

ቀልዴን ነበር። ልጇ ግን ከሶፋው ላይ ቀና አለች። ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው፣ ኮምፒውተር። «ለሱማ አፕ አለ፣ አክስቴ። እኛ ትምህርት ቤት ያለ ፕሮፌሰር ነው ከሠሩት አንዱ» አለችኝ። እዚያው ስልኬ ላይ ጫነችልኝ።

አፑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሐሳቡን ያመጣው ሴንት ሉዊስ ያለ ኤክስቼንጅ ኢኒሺዬቲቭ የሚባል ድርጅት ነው። መሥራቾቹ የስብሰባ አዘጋጆች ናቸው። ለሌላ ሰው ጉባኤ ሆቴል ሲመርጡ፣ ክፍል ሲያዩ ነው የኖሩት። ክፍል ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ደግሞ ፎቶ ሲያዩ «ይሄንን አውቀዋለሁ» ይላሉ። ያንን ዓይን ኮምፒውተር ውስጥ የከተቱት አቢ ስቲሊያኑና ሮበርት ፕለስ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ልጅቷ ያለችው ፕሮፌሰር ሁለተኛው ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የሆቴሉን ስምና የክፍሉን ቁጥር ታስገባላችሁ። አራት ፎቶ ታነሳላችሁ። ትልካላችሁ። ሻንጣ ከመፍታት ያጥራል።

«የሆቴሎቹ ድረ ገጽ ላይ ስንት ፎቶ አለ አይደል እንዴ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ልጅቷ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። ያኔ ገባኝ። ሆቴል የሚለጥፈው ፎቶ የሙሽራ ፎቶ ነው። መብራቱ ሁሉ በርቷል፣ ትራሱ ተነፍቷል፣ ፍራፍሬ በሳህን ቀርቧል። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ ያንን ሳህን አይቼው አላውቅም። ልጆቹን የሚያዘዋውሩት ሰዎች የሚያነሱት ፎቶ ደግሞ ጨለማ ነው፣ ጠማማ ነው፣ ግማሽ ግድግዳና ግማሽ ትራስ ነው። ማሽኑ ሙሽራዋን ብቻ ካየ ይቺን አይለያትም። ስለዚህ ያልተኳለ ፎቶ ይፈልጋል። ደክሞት የገባ ሰው በስልኩ ቀጭ ያደረገውን።

በ2019 ተመራማሪዎቹ ይፋ ያደረጉት ስብስብ ከ50 ሺህ ሆቴሎች የተገኘ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፎቶ ነበረው። አብዛኛው ከጉዞ ድረ ገጾች የተሰበሰበ ነው፣ ተጓዦች በአፑ የላኩትም አለበት። አንድ ነገር ግን ከቁጥሩ በላይ ያዘኝ። ማሽኑን ሲፈትኑት ፎቶው መሀል የሰው ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር ይለጥፉበታል። እውነተኛው ፎቶ ሲመጣ ልጅቷ ተሸፍና ነውና የሚፈለገው። ማሽኑ እሷን ሳያይ ዙሪያዋን ማወቅ አለበት። ራስጌውን፣ መብራቱን፣ የመጋረጃውን ጫፍ። ይህን ስሰማ ሲኒዬን አስቀመጥኩ። እኔ በየቀኑ የማጸዳው ያንን ዙሪያ ነው።

አሁን ስለ ሙያዬ ላውራ፣ ፎቶ ስታነሱ ይጠቅማችኋል።

ሰው ክፍል በአልጋው የሚለይ ይመስለዋል። አልጋ ሁሉ ነጭ ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ትልልቆቹ ሆቴሎች ራስጌውን፣ ሥዕሉን፣ ወንበሩን በጅምላ ነው የሚገዙት። አንዱ ከተማ ያያችሁት ሥዕል ሌላው ከተማም ይጠብቃችኋል። ወሬ የሚያወጣው ትንንሹ ነገር ነው። ሶኬቱ ከራስጌው በስተቀኝ ነው በስተግራ? ኤሲው መስኮት ሥር ነው ወይስ ጣሪያ ላይ? የምንጣፉ አበባ በሩ ጋ ሲደርስ የት ላይ ይቆረጣል? ምንጣፍ አንጣፊው በሠራበት ቀን እጁ እንደመራው ነው የሚቆርጠው፣ ያ ቁርጥ ከክፍል ክፍል አይገጥምም። መታጠቢያ ቤት ከሆነ የሴራሚኩን ቀለም ተዉት፣ የፎጣ መስቀያው ብረት ከሴራሚኩ መገጣጠሚያ በላይ ነው በታች? እሱን ነው ማየት። ከመስኮት የሚታየው ደግሞ ፈጽሞ አይዋሽም። የጎረቤት ሕንፃ በጅምላ አይገዛም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እኛ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አለ። ምንጣፉ ላይ ከአልጋው በስተግራ የካውያ ቅርጽ አለ። አንድ እንግዳ ሸሚዙን መሬት ላይ አንጥፎ ሊተኩስ ሞክሮ ነው። መተኮሻ ጠረጴዛው ቁም ሳጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር፣ አላየውም። ምንጣፉን መቀየር ውድ ሆነባቸውና ወንበሩን ላዩ ላይ አድርጉበት ተባልን። ይኸው አራት ዓመቱ። ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ ወንበሩ ከመስኮቱ ጎን ነው። እዚያ ክፍል ብቻ ከአልጋው ጎን ነው። እንግዳው አያውቅም። ሥራ አስኪያጁም የረሳው ይመስለኛል። እኔ ግን የዚያን ክፍል ጨለማ ፎቶ ብታሳዩኝ ወንበሩን አይቼ ቁጥሩን እነግራችኋለሁ።

ማስረጃ ማለት ለኔ እንዲህ ያለ ነገር ነው። እንባ መቁጠር አይደለም።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ተበላሸ፣ ጥፋቱም የኔው ነው። ለእህቴ ልጅ ምርቃት ሪችመንድ ሄደን አንድ ሆቴል አረፍን። አልጋውን ሳነሳ የልጁ ሱሪ ላዩ ላይ ተዘርግቷል። መስኮቱን ሳነሳ አውራ ጣቴ ግማሹን ሸፈነው። መታጠቢያ ቤቱን ሳነሳ መስታወቱ ውስጥ እኔው ቆሜያለሁ፣ ሻሽ አስሬ፣ አፌን ከፍቼ። ሰው ያለበት ፎቶ ደግሞ አይሆንም። ቀጥ ብዬ መቆም ትቼ ወደ ጎን ጎንበስ አልኩ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ «ወገብሽን ምን ነካው?» አለኝ። አራቱን ለማንሳት 20 ደቂቃ ፈጀሁ። አሁን ሁለት ደቂቃም አይወስድብኝም። ዘዴው ከመግባታችሁ በፊት ነው። ሻንጣውም ልጆቹም ኮሪደሩ ላይ ይቁሙ። አንድ ጊዜ ከገቡ አለቀላችሁ።

የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ይህን አፕ ሥራ ቦታዬ ላይ መጠቀም አልችልም። እኛ ጋ ስልክ ፎቅ ላይ ክልክል ነው፣ ሎከር ውስጥ ይቀመጣል። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅሁት። «የእንግዶች ምስጢር ነው» አለኝ። ገባኝ። እንግዳ እያለ ማን ያነሳል አልኩት፣ ቼክ አውት ከተደረገ በኋላ፣ እኔ አጽድቼ ስጨርስ፣ ባዶ ክፍል። «ከላይ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አለ። ሁለት ገና አለፈ፣ ከላይ ገና አልወረደም። በዓመት አንዴ የሚያርፈው ተጓዥ አራት ፎቶ ይልካል። ፎቁን በሙሉ በእጇ የምታውቀው ሴት ስልኳ ሎከር ውስጥ ነው። የሚገርመው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሆቴል ሠራተኛ ስለ ሰው ማዘዋወር ሥልጠና እንዲወስድ ሕግ አለ። ሥልጠናውን ወስደናል። ለቀናት «አትረብሹ» የተንጠለጠለበት በር፣ ከሰዉ ቁጥር በላይ የሚጠየቅ ፎጣ፣ ብቻዋን የማትናገር ልጅ። ካያችሁ ተናገሩ ተብለናል። ጥሩ ነው። የኛ ዓይን ግን ከዚያም በላይ ያውቃል፣ የሚጠይቀው ጠፋ እንጂ።

ስለ ዓይን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። አፑ ፎቶ ይቀበላል እንጂ አያሳይም። ዩሮፖል የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት ደግሞ የዚህን ተገላቢጦሽ አድርጓል። ከ2017 ጀምሮ ሕፃናት ከተበደሉባቸው ምስሎች ውስጥ ዕቃ ብቻ ቆርጦ ያወጣና ድረ ገጹ ላይ ይለጥፋል። የሻምፑ ጠርሙስ፣ የገበያ ከረጢት፣ የመጋረጃ ቁራጭ። ልጁም ወንጀሉም አይታይም። «ይህን ዕቃ የት አይታችኋል?» ብቻ ነው ጥያቄው። ስም ሳይሰጡ መልስ መላክ ይቻላል። በዚህ መንገድ ከ20 በላይ ልጆች ተለይተዋል።

የጎንደሯን ልጅ ያሳየኋት እሱን ነው። እሷም እኛው ሆቴል ናት፣ አራተኛ ፎቅ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የመጋረጃ ቁራጭ ስልኳ ላይ አምጥታ መጣች። ከኤልሳልቫዶር የመጣች ለ20 ዓመት ክፍል ያጸዳች ሴትዮ አብራን አለች፣ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላት። ሦስታችን አንገታችንን አስግገን ተመለከትን። ሆቴል ነው አለች የጎንደሯ። እማማ በእንግሊዝኛና በእጇ «ዱላው የታለ?» አለች። እውነቷን ነው። የሆቴል መጋረጃ እንግዳ በእጁ እንዳያቆሽሸው መሳቢያ ዱላ አለው፣ ፕላስቲክ። እዚህ ጫፉ ይታያል፣ ዱላ የለም። እኔ ደግሞ ጀርባውን አየሁ። የኛ መጋረጃ ከኋላው ብርሃን የሚከለክል ወፍራም ነገር አለው፣ ጎማ ይመስላል። ይሄ ግን ብርሃን ያሳልፋል። እማማ ጫፉን አሳደገችው። የተሰፋው በእጅ ነው፣ ስፌቱ ይዘላል። ሆቴል በእጅ የተሰፋ አይሰቅልም።

የቤት ነው አልን። አንድ ሰው ለቤቱ ያሰፋው። የጎንደሯ ልጅ ራሷ ጻፈችው፣ በአራት መስመር። ያቺ እናቲቱ አላለቀሰችም ያለችው ሴት! ማን ነው ወንጀለኛው የሚል ቃል ሳታነሳ ስለ መጋረጃ ጫፍ 25 ደቂቃ ተከራከረች። ምሳችን ቀዘቀዘ። ልካም ስትጨርስ ቡድናችን ላይ ልትለጥፈው ነበር። ያዝኳት። የላክነው ነገር ትክክል ከሆነ መጋረጃው አንድ ቤት ውስጥ ዛሬም ተሰቅሏል ማለት ነው። ሰውዬው ካየው ያወርደዋል፣ ያቃጥለዋል።

ወደ አፑ ልመለስ። እንከን አለው ወይ? አለው። አንደኛ፣ እንግሊዝኛ ነው። ሃውስኪፒንግ ውስጥ ካለን ስንቶቻችን ነን እንግሊዝኛ የምናነበው? እማማ ስልኳ ላይ ብትጭነው የት ትደርሳለች? ስፓኒሽና አማርኛ ቢገባበት ከሰው ሁሉ በፊት የኛ ሰዎች በተጠቀሙበት። ሁለተኛ፣ የላክሁት ፎቶ ረዳ አልረዳ የማውቅበት መንገድ የለም። ይህን እንደ እንከን አልቆጥረውም። ከበደኝ እንጂ። ስለት አስገብቶ መውጣት ነው። በጠፋች ልጅ ጉዳይ ላይ መርማሪ ለኔ መልእክት እንዲጽፍልኝ አልጠብቅም፣ ባይጽፍም ይሻላል። ግን ሰው ነኝና አንዳንዴ ማታ አስባለሁ፣ የሪችመንዷ ክፍል ፎቶ አንድ ሰው ፊት ቀርባ ይሆን?

ሌላው፣ ክፍል ይታደሳል። ባለፈው ዓመት የኛ ሁለተኛ ፎቅ ምንጣፍ ሁሉ ተነቅሎ እንጨት መሰል ወለል ተነጠፈ። ያለፈው ፎቶ ከንቱ ሆነ ማለት ግን አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት የተነሳ ምስል ዛሬ መርማሪ እጅ ሊገባ ይችላል። ያኔ የሚፈለገው አሮጌው ምንጣፍ ነው። ስለዚህ ያረፋችሁበትን ሆቴል «አንዴ ልኬዋለሁ» አትበሉ፣ በሄዳችሁ ቁጥር ላኩ።

ፎቶዎቹን ለፍለጋ ከሚጠቀሙት ዋነኛው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ነው። በ1984 የተቋቋመ ነው፣ ዋናው ቢሮው እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው። ስንት ጊዜ በአውቶቡስ አልፌዋለሁ፣ የኢንሹራንስ ቢሮ ነበር የሚመስለኝ። ስልኩ 1-800-843-5678 ነው። እዚያ ሰው ያነሳል።

ይህን የምጽፈው አንዳንዶቻችሁ አፑን ከአምቡላንስ ጋር እንዳታምታቱት ብዬ ነው። አፑ ነገ ለሚመጣ ጥያቄ ዛሬ መልስ ማስቀመጫ ነው። ልጅ ከጠፋ 911 ነው፣ ያኔውኑ። «24 ሰዓት ካልሞላ ፖሊስ አይቀበልም» የሚል ነገር በኛ ሰፈር በጣም አለ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ፊልም ይመስለኛል። ከ1990 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ፖሊስ ለጠፋ ልጅ የመጠበቂያ ጊዜ እንዲያስቀምጥ አይፈቀድለትም። ስትደውሉ ደግሞ የኛን አገር አፋልጉኝ አስታውሱ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ምን ይላል? «ቡኒ ሹራብ፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው፣ የቀኝ ጫማው ማሰሪያ ነጭ።» ያንን የጻፈችው እናት ናት። ከመርማሪ ሁሉ የሚበልጥ ጽሑፍ ነው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዷን የያዝኩት ለቋንቋው ነው። አማርኛ ሲገባ እመልሳታለሁ።

በመጨረሻ የተጠቀምኩበት አትላንታ ነው፣ በሰሜን አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለምንሰበሰብበት የኳስ ውድድር ሄደን። የጁላይን የኳስ ሳምንት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከየስቴቱ የመጣ ሐበሻ ሆቴሉን ሞልቶት፣ ሎቢው ቦሌ ሆኖ። የተያዘልን ክፍል ሁለት አልጋ፣ እኛ ስድስት ሰው። የባሌ ወንድም ሁለት ሻንጣና አንድ ማቀዝቀዣ ሙሉ ክትፎ ይዞ ሊገባ ሲል በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ «አትግቡ!» አልኩ። ኮሪደሩ ላይ ተደረደሩ። «ምን ተገኘ?» ይላል አንዱ። «ትኋን ነው» ይላል ሌላው። ሦስቱን አነሳሁ፣ ምንጣፉን፣ ሶኬቱን፣ መስኮቱን። አራተኛውን አልጋውን ላነሳ ስል የግራው ማዕዘን አንሶላ አልተጠቀለለም፣ ተንጠልጥሏል። እጄ ቀደመኝ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንሶላውን ወጠርኩ፣ አጠፍኩ፣ ከፍራሹ ሥር ከተትኩ፣ በመዳፌ ደለደልኩ።

ቀና ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። «አሁን የምታነሺው የነሱን አልጋ ነው ያንቺን?»

መልሼ ፈታሁት።